አጎት የገደልኩበት ክረምት

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት እንግሊዝኛ ላጠናበት ነበር። አንድ ገጽ ሳይሞላ ሰለቸኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሐሜት ይጻፍበታል።

ለማን እንደሆነ ባላውቅም ራሴን ላስተዋውቅ። ሳምራዊት እባላለሁ። የነጭ ዋርካ ግሩፕ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ባለው ዋናው መሥሪያ ቤት፣ በሩን ገፍቶ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ጥርስ ነው። ካምፓኒያችን ቀለም፣ ቆርቆሮና የስፖንጅ ፍራሽ ያመርታል። እኔ ፈገግታ አመርታለሁ።

የዛሬው ወሬ፦ የአራተኛ ፎቅ መስታወት በሙሉ በወረቀት ተሸፈነ። አራተኛ ፎቅ የሥራ አስኪያጃችን የአቶ ወንድወሰን ፎቅ ነው። በሩም ተቀይሮ በጣት አሻራ ብቻ የሚከፈት ሆነ። ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች እንኳ ከዛሬ ጀምሮ አይወጡም፤ ትሪውን ይዤ የምወጣው እኔ ብቻ ነኝ። አቶ ወንድወሰን ራሳቸው ጠርተው «አንቺን ነው የማምነው» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ደረጃውን እየዘለልኩ ነው የወረድኩት።

ሰኔ 28

ሦስት እግር ባለው መሣሪያ የስፖንጅ ፋብሪካውን ግቢ ሲለኩ የዋሉ ሰዎች መጡ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። ማን ናቸው ብሎ የጠየቀ ካለ «የአየር ማቀዝቀዣ ሰዎች» በይ ተብያለሁ። በዚህ ዝናብ አየር ማቀዝቀዣ። እኔ ምን አገባኝ፣ ሀብታም ይሞቀዋል።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ማሚቱ ዛሬ እግሬን አጥባ ልትጠጣው ምንም አልቀራትም፤ ወሬ ስትፈልግ እንዲህ ናት። አያት ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር ከመሆናችንም በላይ የእናቴ የእህት ልጅ ናት። እሷም ያው የነጭ ዋርካ ሠራተኛ ናት፤ ከለሚ ወዲያ ባለው የስፖንጅ ፋብሪካ ቆራጭ ናት። ማታ ስትገባ ፀጉሯ ውስጥ ቢጫ የስፖንጅ ፍርፋሪ አይጠፋም፤ እየለቀምኩላት ነው የምናወራው።

ፋብሪካው ይሸጣል እየተባለ ነው አለችኝ። እዚያው ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ልምድ ያላቸውን ቆራጮች እየመዘገበ ነው፤ ምዝገባው በሐምሌ ሃያ ይዘጋል። ደመወዙ ትንሽ ያንሳል፣ ግን የታወቀ ሥራ ነው። ልሂድ ወይስ ልቆይ ነው ጥያቄዋ። «አንቺ በሩ ላይ ነሽ፤ የሚገባ የሚወጣውን ታያለሽ። እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ።

ወሬ ነው አልኳት። አለቃዬ ሁሌ የሚሉት እሱን ነው።

ሐምሌ 9

ጥድፊያ። ሰው ብዙ። አቶ ወንድወሰን «ከከተማ ውጭ ናቸው» ተብለው ከበላዬ ሳቃቸው ይሰማል። ሊያገኛቸው የመጣ አንድ የቀለም አከፋፋይ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አየ። እኔም አብሬው አየሁ። ምን ላድርግ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ጨክኜ ጠየቅኳቸው። ሻዩን አስቀምጬ፣ ትሪውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ «ጌታዬ፣ ስፖንጅ ፋብሪካው ይሸጣል የሚባለው እውነት ነው?» አልኳቸው። አቶ ወንድወሰን መነጽራቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው፣ እንደ አባት፣ እንዲህ ያለውን ወሬ የሚነዙት ተፎካካሪዎቻችን እንደሆኑ አስረዱኝ። ፋብሪካው እንዲያውም ሊሰፋ ነው። ግቢው የተለካውም ለዚያ ነው። (አየር ማቀዝቀዣ ነው ያሉኝን ረስተውት ይሆናል። ሥራ ይበዛባቸዋል።) ቀጥለውም ከመስከረም ጀምሮ የግል ረዳታቸው ሆኜ አራተኛ ፎቅ እንደምወጣ ነገሩኝ። የራሴ ጠረጴዛ፣ የራሴ መስኮት።

ስወጣ ከጎን ባለው የስብሰባ ክፍል አንዲት ግራጫ ሻሽ የለበሱ፣ ረጋ ያሉ ሴትዮ ተቀምጠው ካርታ ያዩ ነበር። «የኦዲት ሴትዮ ናቸው» ተባልኩ። ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት።

ለማሚቱ ነገርኳት፤ ሊሰፋ ነው፣ የትም እንዳትሄጂ። አቅፋ ሳመችኝ። በደስታ ፓስታ ቀቀለች፤ ስጎው ጨው በዝቶበት ነበር፣ ሁለታችንም ጠርገን በላነው።

ሐምሌ 20

ምዝገባው ዛሬ ተዘጋ። ማሚቱ አልሄደችም። ጥሩ አደረገች።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ «ጥሩ አደረገች» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩት። እስክሪብቶው ይሆናል።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሰው ገደልኩ።

ጠዋት የስፖንጅ ፋብሪካው ሠራተኞች ተወካይ ጋሽ ሐምዛ መጡ። በዝናብ በስብሰው፣ ኮፍያቸውን እያራገፉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ፋብሪካው ይሸጣል ወይስ አይሸጥም፤ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ይንገሩን። እኔ ባለፈው ሳምንት «ከከተማ ውጭ» ብያቸዋለሁ፤ ከዚያ በፊት «መስክ» ብያቸዋለሁ። ዛሬ ሦስተኛ ነገር ስፈልግ ጋሽ ሐምዛ ቁጣ በሌለበት ድምፅ «ልጄ፣ መኪናቸው እኮ ታች ቆማለች» አሉኝ።

«ለቅሶ ላይ ናቸው» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አንድዬ ይወቅ። «በዘመድ መኪና ነው የሄዱት።»

ማን ሞተባቸው ብለው ጠየቁኝ። አባት መግደል ከበደኝ። እናት ጭራሽ። አጎት ቀለል አለኝ። አጎታቸው ናቸው፣ ክፍለ ሀገር ነው የተቀበሩት አልኩ። ጋሽ ሐምዛ ኮፍያቸውን እንደገና አወለቁ። «ኢና ሊላሂ» አሉና ጥያቄያቸውን ሁሉ ትተው ቆሙ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ስለ ሥራ አይጠይቅም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ብለውኝ ወጡ። እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ሐምሌ 23

ሊቆጡኝ ነው ብዬ እየፈራሁ ለአቶ ወንድወሰን ነገርኳቸው። ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አንቺ የዋዛ አይደለሽም! ሐዘንተኛ ማን ይጨቀጭቃል? እስከ ሰኞ ተገላገልኩ» አሉ። ጥቁር ከረባት ገዝቼ እንድመጣ ላኩኝ። ከዚያ ደግሞ ለቅዳሜ ድንኳንና ወንበር እንድከራይላቸው አዘዙኝ፤ ሲኤምሲ ቤታቸው ትንሽ የቤተሰብ ምሳ አለች።

እስከ ሰኞ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም። የሰው ቤተሰብ ነው።

ሐምሌ 24

ጋሽ ሐምዛ ደወሉ። ሠራተኛው ቅዳሜ ለቅሶ ሊደርስ ነው። በሁለት ሰርቪስ።

ቤት አይቀመጡም፣ አትድከሙ ብለዋል አልኳቸው። «ሐዘንተኛ መቼ ኑ ብሎ ያውቃል?» አሉኝ። አዲስ አበባ የሉም አልኩ። መጥተው እስኪገቡ እንጠብቃቸዋለን አሉ። ሐኪም ብዙ ሰው እንዳያዩ ከልክሏቸዋል አልኩ። ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሐዘኑ እንዲህ ከጎዳቸውማ ቀርተን ምን ሰው ነን አሉ። አትምጡ ባልኩ ቁጥር መንገደኛው ይበዛል። ቤታቸውን እንዳያውቁት ተስፋ አድርጌ ነበር፤ የሰርቪሱ ሹፌር ጋሽ ገረመው ለካ ድሮ የአቶ ወንድወሰን የግል ሹፌር ነበሩ።

አለቃዬ «ለቅሶ ላይ» ስለሆኑ ቢሮ አልገቡም፤ ላስጠነቅቃቸው ስደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ለሰው ሁሉ «ዝግ ነው» ስል ከርሜ ዛሬ በእኔም ላይ ተዘጋ።

ሐምሌ 25

ማሚቱ ለነገው ለቅሶ ንፍሮ ቀቀለች። እኔ ባቄላውን ለቀምኩ። በሕይወት ላለ ሰው ንፍሮ ስለቅም አመሸሁ። ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ድንጋዩን በደንብ ልቀሚ» አለችኝ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ። እጄ እስኪደክም።

መቅረት ፈልጌ ነበር። ማሚቱ መሥሪያ ቤቱ ነቅሎ ሄዶ አንቺ ልትቀሪ ነው ብላ የራሷን ሁለተኛ ነጠላ አለበሰችኝ። ሰርቪሱ ሰሚት ሲደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቀዘቁ። ጋሽ ገረመው ሬዲዮውን ዘጉ። ውሃው በካርቶን፣ ንፍሮው በባልዲ። ሲኤምሲ ደርሰን ከአጥሩ በላይ የነጭ ድንኳን ጫፍ ሲታይ አውቶቡሱ ውስጥ «ይኸው» የሚል ሹክሹክታ አለፈ። ድንኳኑን የተከራየሁት እኔ ነኝ።

ዘበኛው አለባበሳችንን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ፣ በሩንም ወለል አድርጎ ከፈተው። ሴቶቹ እንደ ወጉ ከበሩ ጀምረው አለቀሱ። ድንኳኑ ውስጥ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ አበባ፣ ሱፍ የለበሱ ሰዎች፣ የሳክስፎን ሙዚቃ። አንዱ ተንደርድሮ ሙዚቃውን አጠፋ። እንግዶቹ ተያይተው፣ ያላወቁትን ሰው ለማክበር፣ አንድ በአንድ ተነሥተው ቆሙ። መሐላቸው የኦዲት ሴትዮ አሉ። ግራጫ ሻሻቸውን ወደፊት ሳብ አድርገው እጃቸውን አጣጠፉ።

አቶ ወንድወሰን ከሳሎን ብቅ አሉ፣ በእጃቸው ብርጭቆ። እንደዚያ የሚፈጥን ሰው አይቼ አላውቅም። ብርጭቆው አበባው ጀርባ ገባ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡና አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ሐምዛ አቀፏቸው። አለቀሱ። እውነተኛ ዕንባ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለአንድ አፍታ እኔም ሰውየው ሞተው ይሆን እንዴ ብዬ ተጠራጠርኩ።

በዚህ መሐል ከቤት ውስጥ ከዘራ የያዙ ረጅም ሽማግሌ ወጡ። ለቅሶውን ሰምተው ነው። ሰዉ መንገድ ለቆላቸው ከማሚቱ ጎን ተቀመጡና ከልባቸው አለቀሱ፤ ሴቶቹ እሳቸውን እያዩ ይብሱን ጮኹ። ሲበቃቸው ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉና ወደ ማሚቱ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» አሏት።

«የአቶ ወንድወሰን አጎት።»

«በእናቱ ነው በአባቱ?»

ማሚቱ እኔን አየችኝ። እኔ ንፍሮውን አየሁ። «አጎት ብቻ ነው ያሉን» አለች።

«አጎቱ እኔ ገብረሃንስ ነኝ» አሉ ሽማግሌው፣ በጣም ረጋ ብለው። «ከእኔ ሌላ የለውም።» እንደማረጋገጥ ብለው ደረታቸውን ዳበስ አደረጉ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ጋሽ ገረመው ይመስሉኛል። አቶ ወንድወሰን ብድግ ብለው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ይህቺ ናት የቀላመደችው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛዬ አይደለችም አሉ። ዕንባቸው ገና አልደረቀም።

የኦዲት ሴትዮ ግን ወደ ጋሽ ሐምዛ ዞረው እናንተ እነማን ናችሁ ብለው ጠየቁ። የስፖንጅ ፋብሪካው ሠራተኞች ነን አሏቸው።

«የተሰናበታችሁት?»

«ማን ተሰናበተ?»

ሴትዮዋ ኦዲት አይደሉም። ወይዘሮ ራህማ ይባላሉ፤ ፋብሪካውን ከነግቢው የሚገዙት እሳቸው ናቸው፤ ምሳውም የፊርማ ምሳ ነው። ሠራተኞቹ በሙሉ በሰኔ ወር ተስማምተው፣ ካሳ ተቀብለው ወጥተዋል ብለዋቸዋል አቶ ወንድወሰን። ባዶ ግቢ ገዝተው መጋዘን ሊያደርጉት ነበር። ማሚቱ ተነሣች። «ትናንት ስፖንጅ ስንቆርጥ ነው የዋልነው» አለችና ከፀጉሯ ላይ አንዲት ቢጫ ፍርፋሪ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ወይዘሮ ራህማ ፍርፋሪዋን አዩ። ጠበቃቸውን ወረቀቱን እንዲሰበስብ አዘዙት። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ሞቱን አንቺ ነሽ ያወራሽው አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ፤ ያጸደቁት ግን አቶ ወንድወሰን ናቸው። ሰው ሳቀ። ሽያጩንስ ታውቂ ነበር አሉኝ። በፍጹም አላውቅም ነበር አልኩ።

«ሻዩን የምታመላልሺው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለች ማሚቱ። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ያለበሰችኝን ነጠላ ጫፍ ማጠፍ ጀመርኩ።

ጋሽ ገብረሃንስ ንፍሮው እንዳይበላሽ ብለው ራሳቸው አስታደሉት፤ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ብለው ሁሉንም አሳቁ። ገዢዎቹም፣ ቆራጮቹም፣ ዘበኛውም እየዘገኑ በሉ። እንደዚያ የጣፈጠ ንፍሮ በልቼ አላውቅም።

ሐምሌ 27

ማሚቱ አታናግረኝም። ቡናዋን ለራሷ አፍልታ፣ ሲኒዋን አጥባ ተኛች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አላውቅም ነበር። ደግሜ አስቤበታለሁ፤ ማንም በቃል አልነገረኝም። ወረቀት መስታወት ላይ ቢለጠፍ፣ ግቢ ቢለካ፣ ሴትዮ ካርታ ብታይ፣ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ?

መስኮቱ ብቻ ነው ዓይኔ ላይ የነበረው። አራተኛ ፎቅ፣ የራሴ መስኮት።

ሐምሌ 29

ከመሥሪያ ቤት መታወቂያሽን መልሺ ተባልኩ። በር ላይ አዲሷ ልጅ «ይቅርታ፣ አቶ ወንድወሰን ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። ፈገግታውን ገና አልለመደችውም። አሳዘነችኝ።

ነሐሴ 2

ጋሽ ሐምዛና ወይዘሮ ራህማ ሲነጋገሩ ዋሉ። አቶ ወንድወሰን አልተጠሩም። እሳቸውንም ለካ ሰው ነገር ሲደብቃቸው ያማቸዋል።

ሽሮ ሠራሁ። ማሚቱ በላች። አላናገረችኝም፣ ግን ጨርሳ በላች።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ተፈረመ! ሽያጩ አልቀረም፤ ግን ወይዘሮ ራህማ ፋብሪካውን ከነሠራተኛው ነው የገዙት። የስፖንጁ ሥራ ለአንድ ዓመት ባለበት ይቀጥላል፣ ከዚያ ይታያል። አቶ ወንድወሰን ሲፈርሙ ጥቁሩን ከረባት አድርገው ነበር አሉ፤ ጋሽ ገረመው ናቸው ያወሩት፣ እውነት ይሁን የሳቸው ጨዋታ እንጃ።

ማታ ሕንፃው በሙሉ የሰማውን እልልታ ያሰማችው ማሚቱ ናት። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ብቻዬን አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ሌላም ነገር ነበረበት።

ነሐሴ 14

ከትናንት ወዲያ ወይዘሮ ራህማ አስጠሩኝ። ፋብሪካው በር ላይ እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋሉ። አንዴ ሰው የገደለች ልጅ ምን ያደርግልዎታል ልላቸው ነበር፣ ዋጥኩት። ደንባቸው አጭር ነው፦ ከሌለሁ የለችም በይ፤ ኖሬ ሰው ማየት ካልፈለግኩ፣ አለች ግን አልፈልግም ብላለች በይ። ይህን ሰው ፊት ቆሞ ማለት ይቻላል እንዴ? ሁለት ቀን መስታወት ፊት ተለማመድኩት።

ነሐሴ 21

ከማሚቱ ጋር በአንድ ሰርቪስ እንሄዳለን። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ። ጋሽ ገረመው በመስታወት አይተውኝ ዓይናቸውን ጠቀስ አደረጉ። ዛሬ ቁርስ ላይ ማሚቱ «ጨው አቀብዪኝ» አለችኝ። ጨው ብቻ አይደለም፣ በርበሬውንም ሚጥሚጣውንም አቀበልኳት።

ጳጉሜ 4፣ ማክሰኞ

ለበዓሉ ሽንኩርትና ቅመም ልንገዛ ሾላ ገበያ ሄድን። አብረን እንሂድ ያለችው ማሚቱ ናት። ጭቃው፣ ግፊያው፣ የዶሮው ጩኸት፤ አንድ ነጋዴ ማሚቱን «እናቴ» ብሏት ስትናደድ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ዞርኩ። አየችኝ። እሷም ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ መጀመሪያዋ ነው።

ሽንኩርቱን እያገላበጠች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ። «ከዓመት በኋላስ? ይቀጥላል ወይስ ይዘጉታል? በሩ ላይ ነሽ።»

«ይቀጥላል» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ወይዘሮ ራህማ ደግ ናቸው፣ በዓል ነው፣ ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ፤ ስንት ጥሩ ጥሩ ምክንያት ነበረኝ። ዋጥኩት። ባለፈው ሳምንት ከውጭ የመጡ ሰዎች ግቢውን ዞረው እንዳዩ፣ ምን እንደተነጋገሩ እንዳልሰማሁ፣ ወይዘሮ ራህማንም ጠይቄያቸው ገና አልወሰንኩም እንዳሉኝ ነገርኳት።

«እና አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«አላውቅም ማሚቱ። እውነቴን ነው፤ አላውቅም።»

ሽንኩርቱን አስመዘነች። ዘንቢሉ ውስጥ አስገባች። ከዚያ የዘንቢሉን አንዱን ጆሮ ያዘችና ሌላውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

«ከሰማሽ ትነግሪኛለሽ» አለች።

እሺ አልኳት፤ ዘንቢሉን ለሁለት ይዘን ታክሲ ፍለጋ ወጣን።